የአጎቴ አግዳሚ ወንበር

አጎቴ በየዓመቱ የእድራችንን ዕቃ ቤት የኪራይ ውል ሊያሳድሱ ሆሳዕና ከተማ ቀበሌ የሚሄዱት ከእድሩ አግዳሚ ወንበሮች አንዱን፣ እግሩ በሽቦ የታሰረውን፣ ተሸክመው ነበር። ቤቱ የቀበሌው ነው፤ ኪራዩም እጅግ ትንሽ። ድንኳናችንንና ድስቶቻችንን የምናስቀምጥበት ሌላ ቦታ የለንም።

ጸሐፊው፣ «አባባ፣ ጓድ ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይምጡ» ሲላቸው ወንበሩን በሩ አጠገብ አስቀምጠው ይቀመጡበታል።

«ልጄ፣ ሞት ነገ ና ቢሉት አይመለስም። እኔም አልመለስም።»

ማህተሙ ሳይመታ አይነሱም። እኔ አብሬያቸው ስሄድ አፍሬ ራቅ ብዬ እቆም ነበር።

ዘንድሮ ቀበሌው ቤቱን ለእህል መጋዘን ፈለገው። አጎቴ ውሉን ሳያሳድሱ ሞቱ። የለቅሷቸው ድንኳን የወጣው ከዚያው ቤት ነው። ለቀስተኛው ቦታ አጥቶ ቆሞ ሳለ እንኳ፣ እግሩ በሽቦ የታሰረው ያ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም።

ለቅሶው በተነሳ ማግስት ወንበሩን ተሸክሜ ቀበሌ ሄድኩ።

ጸሐፊው ቀና ሳይል፣ «እህቴ፣ ነገ ነይ» አለኝ።

ወንበሩን በሩ አጠገብ ሳስቀምጥ ድምፁን ሰምቶ ቀና አለ፤ አወቀው። የአጎቴን ቦታ ትቼ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ይህንንም የምጽፈው እዚያው ሆኜ ነው። ማህተሙ ገና አልተመታም።