ለአባቴ ወንዝ የፈለግሁ ዕለት

አባቴ አገራቸው ጎንደር ሳሉ፣ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ሰንበትን ተቀብለው አያውቁም። ቤር ሼቫ ከተማ፣ ሽኩና አሌፍ የሚባለው ሰፈር ከገባን ሰባት ዓመት ሆኖናል። ዓርብ በመጣ ቁጥር ሻወር ቤት ይገቡና ፊታቸውን አጨፍግገው ይወጣሉ። «የቧንቧ ውሃ አያነጻም፤ የሚያነጻው የሚሄድ ውሃ ነው» ይላሉ። በዚያ በረሃ የሚሄድ ውሃ ከየት ይምጣ!

አንድ ዓርብ ሐሳብ ብልጭ አለልኝ። አንዲት የሥራ ጓደኛዬ በሰሜን በኩል ምንጭ ያለበት ብሔራዊ ፓርክ እንዳለ፣ ሰው ሰፍሮ እንደሚያድርበትም ነግራኛለች። «አባባ፣ ወንዝ አግኝቼልዎታለሁ!» አልኳቸው። «ላም አለኝ በሰማይ» አሉኝ። በሳምንቱ ዓርብ ሲነጋ ግን ልብሳቸውን ለብሰው ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

ወንድሜ ፒክአፕ ተውሶ መጣ። ድንኳን የለንም። ሁለት ፍራሽ፣ ጥቂት አንሶላ፣ ገመድ፣ ለሰንበት የበሰለ ወጥ ከነድስቱ ጫንን። እናቴ ዳቦውን አቅፋ ከኋላ ተቀመጠች። መንገዱን ሁሉ ስለ ምንጩ የማወራው እኔ ነኝ፤ ወንድሜ «የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ! እኔ ደስታው አላስቀምጠኝ ብሎ ነበር።

ስንደርስ እግር መጣያ የለም። ድንኳኑ ተደራርቧል፣ የጥብስ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ማቀዝቀዣ ሳይቀር ይዞ የመጣ አለ። እኛ ሁለት ዛፍ መሃል ገመድ ወጥረን አንሶላ ጣል ስናደርግበት ቤታችን አለቀ። ወዲያው አባቴን ይዤ ወደ ምንጩ በረርኩ። ሰው እንጂ ውሃ አይታይም! አባቴ ዳሩ ላይ ቆመው ቁልቁል አዩና፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ብሬኻ ነው። የመዋኛ ገንዳ! አይሄድም። እዚህ አልገባም» አሉ።

ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀምራለች፤ ሰንበት ከገባች በኋላ መታጠብ የለም። እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ ወንዝ ብያለሁ። «ሬጋ አባባ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ!» ብዬ ሮጥኩ። ምንጭ ከሆነ መቼም መውጫ አያጣም። በሽንት ቤቱ ጀርባ ዞሬ፣ በሰው ድንኳን ገመድ እየተጠለፍኩ፣ እየተሰደብኩም፣ አገኘሁት! ከገንዳው የተረፈው ውሃ በሸምበቆ መሃል ይወርዳል፤ ወገብ ድረስ ይሆናል። ችግሩ፣ ሰዉ እንዲቀዘቅዝለት ሐብሐቡን ሁሉ እዚያ ነክሮታል።

አባቴን እየጎተትኩ አመጣኋቸው፤ ወንድሜም አንሶላ ይዞ ተከተለን። ቅጠል ቀጠፉና ውሃው ላይ ጣሉ። ቅጠሏ ዞረች፣ አንዱን ሐብሐብ ታከከች፣ ከዚያ ቁልቁል ሄደች።

«ይሄዳል» አሉ። እኔ እልል አልኩ።

በእልልታው የደነገጠ አንድ ቦርጫም ሰውዬ ሐብሐቡ የተሰረቀ መስሎት እየሮጠ መጣ። ነገሩን በዕብራይስጥ ስነግረው ሐብሐቦቹን ወደ ዳር ገፋፋና፣ ፊቱን አዙሮ ካመጣነው አንሶላ አንዱን ጫፍ ያዘልን። እኔና ወንድሜ የቀረውን ወጠርን። አባቴ ከአንሶላው ወዲያ ገቡ። ሲጠልቁ ሰማሁ። የሰባት ዓመቱን ሊያካክሱ ነው፣ አይወጡም ብዬ ነበር፤ ወዲያው ወጡ።

«አባባ፣ ፀሐይ እኮ አለች፤ ይቆዩ እንጂ!»

«ስላለች ነው የምወጣ» አሉ ነጠላቸውን እየተከናነቡ። «እናትሽስ?»

ዞር ስል እናቴ ነጭ ቀሚሷን ክንዷ ላይ አጥፋ ከኋላዬ ቆማለች። ሰባት ዓመት የአባቴን እሮሮ ስሰማ፣ «አንቺስ?» ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። እሷም ተናግራ አታውቅም። አፈርኩ።

ወንዶቹን አባረርኩ፤ የሰውዬውን ሚስት ጠርቼ አንሶላውን ከእሷ ጋር ወጠርኩ። እናቴ ገባች። አንዴ ጠለቀች፣ ሁለቴ ጠለቀች። አልወጣም አለች። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል አባቴ ከሸምበቆው ማዶ ሆነው፣ «አንቺ ሴት፣ ሰንበት ገባች እኮ! ውጪ እንጂ!» እያሉ ይጮሃሉ።

«እሺ፣ መጣሁ» አለችና እንደገና ጠለቀች።