የጋሼ ስድስት ሃያ መርፌዎች

ልብስ ሰፊው ሰውዬ በሰፈሩ የሚታወቁት ጋሼ ስድስት በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣችላቸው የሱቃቸው ጎረቤት ሻይ ሻጯ ናት፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ ላይ ስድስት ማንኪያ ስኳር ስለሚጨምሩ። ማንኪያው መሃል ላይ ያለ ደጋፊ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር ይባላል። ንቦች አበባ ትተው ኮታቸውን ይከተሉ ነበር የሚሉም አሉ፤ ይህቺ እንኳ ትንሽ ተጋንናለች።

ያልተጋነነው የዓይናቸው ነገር ነው። የመርፌ ቀዳዳ ጠፋባቸው። አርባ ዓመት በመርፌ የኖረ ሰው ክር ማሾለክ ሲያቅተው ምን ቀረው? ጉዱን የሚያውቁት ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት በሃያ መርፌ ክር አስገብተው ኮሌታቸው ላይ ይሰኩላቸዋል፤ ደንበኛ እንዳይነቃ። ሃያው ሲያልቅ ጋሼ "ወገቤን" ብለው ሱቁን ይዘጋሉ።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄዱ። በባዶ ሆድ የተለካው የደም ስኳር ሁለት መቶ ሰማንያ።

"የዓይንዎን ሌንስ ያሳበጠው ይኸው ነው" አለች ሐኪሟ ክኒን እያዘዘች። "ስኳር ይተዉ፤ ምናልባት ይመለስልዎታል።"

ጋሼ በዚያው ቀን ተዉ። በስድስት ማንኪያ ስኳር ፋንታ ስድስት ማንኪያ ማር መጨመር ጀመሩ፤ ደረታቸውን ነፍተው። በወሩ ቁጥሩ ሦስት መቶ አሥር ገባ።

"ማሽኑ ቀጣፊ ነው" አሉ።

መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃቸው ከጠረጴዛቸው ሁለት ቁራጭ ጨርቅ አነሳች። "አባዬ፣ ይሄ ግሉኮስ ነው፣ ይሄ ፍሩክቶስ። ሁለቱ ሲሰፉ ስኳር ይሆናሉ። አንጀትህ ስፌቱን ተርትሮ ወደ ደም ይሰዳቸዋል።"

"ማርስ?"

"እነዚሁ ሁለት ጨርቆች። አብዛኛውን ንቧ ቀድማ ተርትራልሃለች።"

ጋሼ ጨርቆቹን አገላብጠው አዩ። "ስለዚህ ወር ሙሉ ለአንጀቴ ሥራ ሳቀልለት ነው የከረምኩት።"

"በጣም ተባባሪ ነህ።"

ከዚህ በኋላ ነገሩን በሙያቸው ያዙት። ሰፊ ሱሪ እንደሚያጠብ ሰው፣ ማሩን በየሳምንቱ አንድ ማንኪያ ቀነሱ። ክኒናቸውን ሳያዛንፉ ዋጡ፤ በእግራቸው ሄዱ፤ ወገባቸውን በራሳቸው ሜትር ለኩ። ሻይ ሻጯም "ጋሼ አምስት፣ ጋሼ አራት" እያለች ስማቸውን አብራ አጠበበች።

ዜሮ ላይ ሲደርሱ አንድ ጉንጭ ቀምሰው ተገረሙ። "ለካ ይሄ ነገር ቅጠል አለበት።"

"ለአሥር ዓመት ልነግርዎ አፍሬ ነው" አለች ሻይ ሻጯ።

በአራተኛው ወር ቁጥሩ መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። በማግስቱ ባለቤታቸው መርፌዎቹን ሊያዘጋጁ አርፍደው ሱቅ ሲመጡ፣ ጋሼ ባዶ መርፌ አንስተው፣ ደንበኛው ሁሉ እያየ፣ ክሩን በአንድ ጊዜ አሾለኩት።

"በአጋጣሚ ነው" አሉ ሴትዮዋ። "ድገመው።"

ደገሙት። ሃያ ጊዜ ደገሙት። እያንዳንዱንም መርፌ በባለቤታቸው ሹራብ ደረት ላይ ሰኩት። ሴትዮዋ እንደ ተሸለመ ጄኔራል መንገዱን መሃል ለመሃል ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።