ሃጂራ ስለ ባሏ የተጠየቀችው

ሃጂራ በጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ጨርቅ ትሸጣለች። ባሏ አኒስ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሲሄድ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ሁለት ዓመት ብሎ የወጣው ሰው በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ ማንም ሳይጠራው፣ አንድ ቦርሳ አንጠልጥሎ ተመለሰ። ገና ሳትጠግበው፣ በአምስተኛው ወር ፖሊስ መጥቶ ያዘው። እዚያ የንግድ ሸሪኩ የነበረ ሰው በሐሰተኛ ሰነድ ከሶት ኖሮ፣ የዚያ አገር መንግሥት ተላልፎ ይሰጠኝ ብሏል።

አኒስ ጥያቄው እስኪመረመር በዋስ ልውጣ ብሎ አመለከተ። ዐቃቤ ሕጉ ተቃወመ። ከጎንደር መተማ ቅርብ ነው፣ ድንበሩን ከተሻገረ ማን ያገኘዋል አለ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሚስቱን ሳያይ የኖረ ሰው ለሚስቱ ብሎ አይቀርም ሲል ግን ሃጂራ አንገቷን ደፋች። ሐሰት አልነበረም።

ዳኛዋ ወይዘሮ መንበረ ለምስክርነት አስቀርበው፣ "ቢለቀቅ ይጠፋል ብለው ያስባሉ?" ሲሉ ጠየቋት።

ጠበቃው "አይጠፋም" እንድትል መክሯት ነበር።

"ክብርት ዳኛ፣ አይሄድም ብዬ አልምልም። መሄዱን አውቀዋለሁ። ሲመጣ ግን በራሱ እግር ነው የመጣው።"

ዳኛዋ ዋስትናውን ፈቀዱ። ፓስፖርቱ ተያዘ፤ ከከተማው ዳር ከአዘዞ እንዳያልፍ፣ ሰኞና ሐሙስም ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ እንዲፈርም ታዘዘ።

አንድ ዓመት ከሁለት ወር አንድም ቀን አልቀረም። ሃጂራ ሱቋን ዘግታ አብራው ትሄዳለች፤ ሲመለሱ የነገሥታቱን ግንብ አጥር ታክከው በዝግታ ይራመዳሉ፣ እሱም ያለፉትን ዓመታት ቀስ በቀስ ያወጋታል። አንድ ሐሙስ ያን ሁሉ ጊዜ ምነው ዝም አልከኝ ብላ ጠየቀችው።

"አፍሬ" አላት። "ባዶ እጄን ነበርኩ።"

ከሳሹ አገር ማስረጃ ሳይልክ ቀረና መዝገቡ ተዘጋ። ፓስፖርቱን መለሱለት። ሃጂራ የተሳለችውን ስለት አገባች። በሦስተኛው ወር ከጅቡቲ ሥራ አለ ተብሎ ተደወለለት። ስድስት ወር ብቻ ነው አላት። ልብሱን አጣጥፋ ሰጠችው፤ እስከ አዘዞም ሸኘችው።

አሁን ሁለት ዓመት አልፎታል። ዓርብ ዓርብ ይደውላል። ለባለፈው ዒድ እመጣለሁ ብሎ ቀረ። ለዐረፋ ብሏል፤ ሃጂራ ቤቱን ቀለም እያስቀባች ነው።