አብዱልሃኪም የቆረጠው ፊልም

አብዱልሃኪም ወረታ ውስጥ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ በሚገነጠልበት አካባቢ ስልክ ይጠግናል፤ በሜሞሪ ዘፈንና ፊልምም ይጭናል። ሩዛቸውን መፈልፈያ ቤት አስገብተው ተራ የሚጠብቁ የፎገራ ገበሬዎች ከሱቁ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። እነሱ የሚያስጭኑት ዘፈንና ድራማ ነው። እሱ የሚወደው ሌላ ነው፤ ከአባቱ ዕድሜ የሚበልጡ፣ ጥቁርና ነጭ የሆኑ አስፈሪ ፊልሞች።

በድፍረት አልጀመራቸውም። የመጀመሪያውን ያየው ክረምት ላይ፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቶ፣ ደንበኛ በጠፋበት ሰሞን ነው። ፊልሙ አንድ የባሕር ዳር ጓደኛው ከሰጠው ፍላሽ ውስጥ ነበር። ሩቡን እንኳ ሳያይ ዘጋው። በማግስቱ ድምፁን አጥፍቶ ከፈተው። ድምፅ ከሌለ ሰዎቹ ከጣና እንደወጣ ዓሣ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ያ ማንንም አያስፈራም። ከዚያ ድምፁን ጥቂት ጨመረ፤ በኋላም ሙሉውን ለቀቀው። እንዲህ እንዲህ እያለ ለመደ። ሲለምድ አንድ ነገር አስተዋለ። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ደም እምብዛም የለም። በር ይንኳኳል፣ ጥላ ግድግዳ ላይ ይወጣል፣ ሰው ቀስ ብሎ ዞር ይላል። ክፉው ያ የመጠበቅ ጊዜ ነው፤ የሚመጣው ከመጣ በኋላ ፍርሃቱ ይቀላል።

አንለይ የሚባለው ገበሬ አግዳሚው ላይ በተቀመጠ ቁጥር ይተርበዋል።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬም ሙት ስትቀሰቅስ ዋልክ?»

«ገባ ብለው ይዩት እንጂ፣ አያ አንለይ። አይናከሱም።»

«በስመ አብ! እኔ ጅቡን በነጻ እሰማው የለ? ለፍርሃት ደግሞ ልክፈል?»

ከሱቁ ትይዩ ሰአዳ ከአክስቷ ከሀቢባ ጋር ጨርቅ ትሸጣለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ አብራት የምታኖራት ሀቢባ ናት። አብዱልሃኪም ሰአዳን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። ሀቢባ ሽማግሌዎቹን በደንብ ተቀበለቻቸው። «ልጁ ጨዋ ነው፤ እኔ አልጠላሁትም። ቃሉ ግን የእሷ ነው» አለቻቸው። ሰአዳ ቀጠሮ ጠየቀች። በሰፈሩ፣ ከሙታን ጋር የሚውል ሰው ቤቱን ለጅን ይከፍታል የሚሉ ነበሩ፤ ወሬው ደርሷታል።

አንድ ጧት መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«ከእነዚያ ፊልሞችህ አንዱን ጫንልኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«የምትወደውን ልወቀው። አይቼ መልሴን እሰጣለሁ።»

የአንዲት ሴት ሟች ባል ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ፊልም መረጠላት። ቆየት ብላ እንድትመጣ ነገራትና ማሰብ ጀመረ። ብትደነግጥ እንቢ ትላለች። በአገራችን መርዶ በአንድ ጊዜ አይነገርም። ሰውየው ከሞተ በኋላ ለቤተሰቡ መጀመሪያ «አሞታል» ይባላል፤ ቀጥሎ «ጠንቶበታል»፤ ዘመድ ከተሰበሰበ በኋላ ማለዳ ሞቱ ይነገራል። አብዱልሃኪምም ፊልሙን በዚሁ መንገድ ሊያስለምዳት ፈለገ። በሩ የሚከፈትበትን፣ የሟቹን ፊትና የሴትዮዋን ጩኸት ቆረጠ። የቀረውን በራሱ ሜሞሪ ጭኖ ሰጣት። የተቆረጠውን ሌላ ጊዜ፣ ስትጠነክር ሊያሳያት ነበር።

ሰአዳ ሜሞሪውን ስትመልስ አንለይ አግዳሚው ላይ ነበር።

«አየሽው?» አላት አብዱልሃኪም።

«አየሁት። ምኑ ነው የሚያስፈራው? ሴትዮዋ በር ልትከፍት ትሄዳለች፤ ወዲያው ነግቶ ሻይ ትጠጣለች።»

«ሻዩን ማን አፈላላት?» አለ አንለይ ከውጭ እየሳቀ።

ሰአዳ አልሳቀችም። አብዱልሃኪምን ትኩር ብላ አየችው። እሱም ሊዋሽ አልቻለም።

«ቆርጬዋለሁ። ለአንቺ ብዬ ነው፤ ቀስ በቀስ እንድትለምጂው።»

«አባዬ ለሕክምና ሄዶ ሲሞት አሞታል ነው ያሉኝ። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ጨርቅ እየለካሁ ከደንበኛ ጋር እሳሳቃለሁ። እነሱም ለእኔ ብለው ነው።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «በል ንገረኝ፤ ቤትህ ብገባ ደግሞ ምን ምኑን ትቆርጥልኛለህ?»

አንለይ ሳቁን አቆመ። አብዱልሃኪም የመለሰችውን ሜሞሪ ከባንኮኒው ላይ አነሳ።

«ሙሉውን ክፈተው» አለችው።

«አሁን?»

«አሁን። በሩም ክፍት ይሁን፤ አክስቴ ከወዲያ ታየኛለች።»

ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረው። ባንኮኒውን ተደግፋ ቆማ ማየት ጀመረች። ባጃጅ ያልፋል፤ የጭነት መኪና ጡሩምባ ይነፋል፤ እሷ ዓይኗን አልነቀለችም። ሴትዮዋ ወደ በሩ ስትሄድ ሰአዳ የሻሿን ጫፍ ጨበጠች። በሩ ተከፈተ። ሰአዳ ጮኸች፤ አንለይ ከአግዳሚው ዘሎ ተነሳ። ሀቢባ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መንገዱን ተሻግራ ደረሰች።

«ምን አደረግሃት?»

አብዱልሃኪም ፊልሙን ሊያቆም እጁን ሰነዘረ።

«ተው! አታቁመው!» አለች ሰአዳ።

እጁን መለሰ። ሀቢባ «አዑዙ ቢላህ» እያለች በጣቶቿ መካከል እያየች ቆመች፤ አንለይም በሩ ላይ ተደግፎ ቀረ። ፊልሙ እስከ መጨረሻው ሄደ።

ሰአዳ ላቧን ጠረገች።

«ወላሂ፣ አስፈርቶኛል» አለች። ወደ አክስቷም ዞረች። «ሽማግሌዎቹ ይምጡ በያቸው።»

«አንቺ! ይኼን አይተሽ ነው እሺ የምትይው?»

«ሙሉውን አይቼ ነው» አለችና ከአክስቷ ቀድማ መንገዱን ተሻገረች።