ተጠርጎ የሚመለሰው ትሪ

ሰው በማብላት የሚወዳደረኝ ከኤረር በር አንስቶ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ ድረስ የለም። አርባ ሰው በተሳፈረበት የጭነት መርከብ ላይ፣ ማዕበሉ የጁገልን ግንብ አምስት እጥፍ በሚያክልበት ቀን፣ በአንድ እጄ ድስት ይዤ በሌላው ምሰሶ አቅፌ ሁሉንም አብልቻለሁ። ካፒቴኑ «ይሄ ሐበሻ ባይኖር በረሃብ አልቀን ነበር» ብሎ አለቀሰ። ይህን ታሪክ በግቢያችን ሺህ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ በተናገርኩት ቁጥር ማዕበሉ አንድ ክንድ ይጨምራል።

እዚህ ግን እውነቱን ልጻፈው። ከጅቡቲ ሙምባይ ደርሶ በሚመለስ መርከብ ወጥ ቤት ድንች ላጭ ሆኜ ተቀጠርኩ። ድንች የላጥኩት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባልዲ አቅፌ ተኛሁ፤ ሌሎቹ ናቸው እኔን ሲያበሉኝ የከረሙት። ካፒቴኑን አንድ ጊዜ ከሩቅ አይቼዋለሁ። አላለቀሰም።

ግቢያችን ሐረር፣ ጁገል ውስጥ ነው። አንድ የውጭ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ ሦስት ቤት። ትልቁ ቤት የሐጂና የባለቤታቸው ነበር። ሁለተኛው ከገጠር መጥታ ኤረር በር አጠገብ አትክልት የምትሸጠው ጎረቤታችን የምትኖርበት ነው፤ ምላሷ ከቃሪያዋ ይብሳል። ሦስተኛው የእኔ ነው፣ ቤት ካልነው። ሚስቴ ትታኝ ከሄደች ወዲህ ብቻዬን እኖርበታለሁ፤ ቀን ቀን ፈረስ መጋላ ባለችው ሱቄ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ።

ባለፈው ዓመት የሐጂ ባለቤት አረፉ። የለቅሶው ሰው እስኪበተን ድረስ ሐጂ ምግብ ሲቀርብላቸው ይነካካሉ፣ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፣ ሁሉም ሐዘን ነው ይላል። ሰው ሲበተን ግን መነካካቱም ቀረ። ከባለቤታቸው ጋር ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ከአንድ ትሪ ነው የበሉት። አሁን ትሪው ፊት ለፊት ይቀርባል፣ እሳቸው ባዶውን የፍራሽ ጥግ ያያሉ፣ ትሪው እንደመጣ ይመለሳል። ብቸኛ ልጃቸው ድሬዳዋ ነው የምትኖረው፤ ምግባቸውን ለምትሠራላቸው ለአትክልት ሻጯ በየቀኑ እየደወለች «አባዬ በላ?» ትላለች።

አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ፊቴን ስታጠብ አትክልት ሻጯ ያዘችኝ።

«አንተ መርከበኛ! አርባ ሰው አበላሁ ትል የለ?»

«አርባ ሁለት።»

«እንግዲያው አንድ ሽማግሌ አብላና እንይህ አቦ!»

ምን ልበል? በዚያች ሰዓት ድንች ላጭ ነበርኩ ብል ማን ይሰማኛል? «አምጪ ትሪውን» አልኩ።

እሷ የምትሠራው ምግብ ስጋ ካለበት እኔ ክርስቲያኑ አልበላውም፤ ከሐጂ ጋር ከአንድ ትሪ እንድበላ ስትል ስጋውን ተወችው። እንዲህ ሆኖ፣ እየከሱ ያሉት ሽማግሌ ስጋ ያጡት በእኔ የተነሳ ነው። ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ያሰብኩት ትሪው ላይ ያለውን ሩዝ ነው፤ ዘቢብ ጣል ጣል ያለበት፣ ጎኑ ላይ የምስር ወጥ፣ ጠርዙ ላይ የተጠበሰ ድንች።

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ፊት ለፊት ተቀመጥን። የማውቀው መድኃኒት ወሬ ብቻ ስለሆነ መርከቡን ከወደብ አስነሳሁት። ማዕበሉ ሲመጣ ሐጂ ሳቁ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እጅጌያቸውን ሰብስበው «ቢስሚላህ» ብለው እጃቸውን ወደ ትሪው ሲሰዱ ሊበሉ ነው አልኩ። የጨበጡት ጉርሻ የሕፃን ጭንቅላት ያህላል። ጠቅልለው ጠቅልለው አፌ ውስጥ ከተቱት።

«ብላ ልጄ። ከዚያስ? ካፒቴኑ ምን አለ?»

የሽማግሌ ጉርሻ አይመለስም። ዋጥኩና መልስ ለመስጠት አፌን ከፈትኩ፤ ሁለተኛው ገባ። እንደ እኔ ያለ ወሬኛ ሰው አፉን ዘግቶ አያውቅም፣ እሳቸው ደግሞ የተከፈተ አፍ ባዶ ማየት አይሆንላቸውም። ሙምባይ ስንደርስ ትሪው አልቋል። ሐጂ አንዲት ዘቢብ አንስተው ነበር፤ እሷንም መልሰው አስቀመጧት። እሷንም እኔ በላኋት።

አትክልት ሻጯ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ትሪውን አየች።

«ያ ረቢ! በሉ! ሐጂ በሉ!» ስልኳን አውጥታ እዚያው ደወለች። የልጃቸው ድምፅ ለግቢው ሁሉ ተሰማ፤ እያለቀሰች «ወንድሜ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ» ትለኛለች። «ኧረ እኔ ነኝ የበላሁት» ልል ነበር። አፌ ሙሉ ነበር።

አትክልት ሻጯ ስትወጣልን ሐጂ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። «ተዋቸው። ደስ ይበላቸው» አሉ።

ከአንድ ትሪ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደጎረሰ የሚቆጥር የለም፤ ነውርም ነው። በማግስቱም ትሪው ተጠርጎ ወጣ። በሦስተኛው ቀን አትክልት ሻጯ «ያንሳቸው ጀመር» ብላ ሩዙን ጨመረች። እኔ በግቢው ውስጥ ሐኪም ሆንኩ። ቧንቧው ላይ ተራ ይለቀቅልኝ ጀመር።

አልሞከርኩም እንዳትሉኝ። አንድ ቀን «ሐጂ፣ ዛሬ እርስዎ ካልቀመሱ እኔም አልነካም» ብዬ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። «መልካም» አሉ። ሁለታችንም ትሪውን እያየን ተቀመጥን። ምስሩ ቆዳ አወጣ። ትንሽ ቆይቶ ቀኝ እጄ ማንንም ሳያማክር ድንቹ ላይ ሄደ።

ያን ቀን ነው የራሳቸውን መርከብ የነገሩኝ። አዲስ ሙሽራ ሳሉ ከባለቤታቸው ጋር ለሐጅ በመርከብ ነበር የሄዱት። የሐረር ሰው ሁሉ የመርከቡ ወለል ላይ አንድ ምንጣፍ ዘርግቶ፣ ከአንድ ትሪ እየበላ። «ባሕሩ ሲያናውጠን ሦስት ቀን ምንም አልቀመስኩም» አሉ። «እሷ ደረቅ ዳቦ ላይ ሎሚ ጨመቀች። አላጎረሰችኝም። እጄ ላይ አስያዘችኝና፣ ስትፈልግ ብላ አለችኝ። ጀምበር ስትጠልቅ በላሁት።»

እኔም መድኃኒቱ ተገኘ አልኩ! በማግስቱ ዳቦና ሎሚ ይዤ መጣሁ፣ ጨመቅኩ፣ እጃቸው ላይ አስያዝኩ፣ አፌን ዘጋሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ዝም ያልኩበት ጊዜ የለም። ወደ ሱቅ አልተመለስኩም። እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ድረስ ሐጂ ዳቦውን ይዘው ተቀመጡ፣ እኔ እጃቸውን ሳይ ተቀመጥኩ። በኋላ እጃቸውን ከፈቱና አዩት።

«ሎሚ አብዝተሃል» አሉ። ለድመቷ ጣሉላት። ድመቷም አሸተተችና ሄደች።

ከዚያ ወዲያ ቆባቸው ጆሯቸው ላይ ይወርድ ጀመር። ሶላታቸውን ተቀምጠው መስገድ ጀመሩ። አትክልት ሻጯ ትሪውን እያጠበች «እንዲህ እየበሉ የሚከሱት ምን ነክቷቸው ነው? ስኳር ይሆን?» ትለኛለች። «ስኳር ሳይሆን አይቀርም» አልኳት። በዚህ አፌ፣ አልኳት።

ልጃቸው ሥራዋን ጥላ መጣች። በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ስንወስዳቸው ሐጂን መሀል አስቀምጠን በሁለት በኩል ያዝናቸው፤ ከእሷ ይልቅ እኔ ነኝ ቦታውን የሞላሁት። ሐኪሙ «ምግብ ይበላሉ?» ሲል ልጅቷ «በደንብ! ትሪው ተጠርጎ ነው የሚመለሰው» አለች። ሐኪሙ ግራ ገባው። የሚበላ ሰው እንዲህ ከከሳ ሌላ ነገር አለ ብሎ ደም አስቀዳ፣ ሽንት አስመረመረ፣ ደረታቸውን ራጅ አስነሳ። የደም ሥራቸው ጠፍቶ ነርሷ አራት ቦታ ወጋቻቸው። በአራቱም አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሐጂ ወደ እኔ እንኳ አላዩም፤ እንዳላፍር ይሆናል።

ምንም በሽታ አልተገኘም። «ለጊዜው በደንብ የሚበሉትን ምግብ እየለያችሁ ስጧቸው» ተባልን። ቤት እንደተመለስን፣ ሐጂን አስተኝተን፣ ልጃቸው እጄን ያዘች።

«ወንድሜ፣ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በጣም የሚወደው የቱን ነበር?»

አትክልት ሻጯም ድስቷን ይዛ ቆማ ትጠብቀኛለች። እኔ ስለ ሐጂ አፍ የማውቀው አንድም ነገር የለም። «ሩዙን» አልኩ። «ዘቢብ ያለበትን።»

ሠሩት። ልጃቸው በማንኪያ አቀረበች፤ ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሁለተኛ ሞከረች፤ ማንኪያው ከንፈራቸው ላይ ቀረ፣ ሩዙ በጺማቸው ወረደ። ከዚያ ማንኪያውን ለእኔ ሰጠችኝ። «ና አንተ፣ ከአንተ ጋር ይበላል» አለች። ማንኪያውን ይዤ ቆምኩ። ለቀልድ የሚሆን ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ።

«ሩዙን የምወደው እኔ ነኝ» አልኳት። «የበላሁትም እኔ ነኝ። ሁልጊዜም እኔ ነበርኩ።»

አትክልት ሻጯ «አንተ!» አለች። ልጃቸው አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ከመቼ ጀምሮ?» ብቻ አለች።

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ሐጂ ከግድግዳው ሳይዞሩ ተናገሩ። ድምፃቸው የወረቀት ያህል ቀጥኗል። «አትቆጪው ልጄ። ርቦት ነበር።»

በማግስቱ ወደ ድሬዳዋ ወሰደቻቸው። ወተት በማንኪያ እየሰጠቻቸው መሆኑን አትክልት ሻጯ ነግራኛለች፤ አንዳንድ ቀን ይውጣሉ፣ አንዳንድ ቀን አይውጡም። ልጃቸው እኔን በስልክ አትጠይቀኝም።

ሐጂ ያሉት ግን ልክ ነው። ርቦኝ ነበር። የሐዘንተኛ ሰው ምሳ እንዳይቀዘቅዝብኝ ብዬ ሱቄን በየቀኑ ሩብ ሰዓት ቀድሜ እዘጋ ነበር።