ለሃጭ የሚጸየፈው ገንዳ አጣቢ

ይትባረክ ተልባ አይጠጣም። ባሚያ ያለበት ማዕድ አይቀርብም። እንቁላል ሲሰበር ፊቱን ያዞራል፤ ንፍጡ የወረደ ሰው ካየማ የዚያን ቀን ምሳ ለእሱ ቀረ ማለት ነው። የሚዝለገለግ ነገር ሁሉ ደመኛው ነው። ይህ ሰው ታዲያ አዳማ ላይ ኑሮውን የሚገፋው በምን ይመስላችኋል? የሰው መዋኛ ገንዳ እያጠበ፣ ከግድግዳ ላይ አረንጓዴ ለሃጭ እየፋቀ ነው። እግዜር ሲያሾፍ እንዲህ ነው የሚያሾፈው።

ነገሩ የጀመረው ተወልዶ ባደገበት አቦምሳ ነው። በሰባት ዓመቱ ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ዳር አዳለጠውና ገባ። ጎትተው ሲያወጡት አፉ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ነበር፤ ለስላሳ፣ ሞቅ ያለ፣ ልዋጠው ወይስ ልትፋው እስኪል ድረስ ወደ ጉሮሮው የሚንሸራተት። ሠላሳ አራት ዓመት አለፈ፣ ጣዕሙ ግን አሁንም ምላሱ ሥር አለ። አድጎ ላንጋኖ ዳር አንድ ሎጅ ውስጥ ሲቀጠር የደረሰው ሥራ ደግሞ፣ እንደ ዕድሉ፣ ገንዳ መጠበቅ ሆነ። ሌሎቹ ሠራተኞች ውሃው መበላሸቱን የሚያዩት አረንጓዴ ከሆነ በኋላ ነው። ይትባረክን ግን ግድግዳው ገና ማሟለጭ ሲጀምር ሆዱ ይነግረዋል፤ ያቅለሸልሸዋል። አለቆቹ ይህን አይተው አደነቁት። መጸየፉ እንጀራው ሆነ።

ዛሬ አዳማ ውስጥ ዘጠኝ ገንዳ ይጠብቃል፤ በባጃጁ ከአንዱ ግቢ ወደ አንዱ ግቢ ይዞራል። ለዘጠኙም ደንበኞቹ የሚሰብከው ስብከት አንድ ነው። ክሎሪን ሲመሽ ነው የሚጨመረው፤ ጠዋት የጨመራችሁትን የአዳማ ፀሐይ እስከ ምሳ ትበላዋለች። ፓምፑ በየቀኑ ለስምንት ሰዓት ያህል ይሥራ። ግድግዳውም፣ በተለይ ጥላ የሚበዛበት የደረጃው ሥር፣ ቆሻሻ ታየበትም አልታየበትም በሳምንት ሁለቴ ይፈተግ። ንፋሱ ያመጣውን አቧራና ቅጠል ቶሎ አውጡ። "ይህን አረንጓዴ አልጌ ማባረር ሙያ አይደለም፤ ሙያው እንዳይመጣ ማድረግ ነው" ይላል፣ አፍንጫውን ነፋ አድርጎ። ሰው ሁሉ ቆሻሻ መሆኑን፣ እሱ ብቻ ንጹሕ መሆኑን የሚያምን ሰው አነጋገር ነው።

የወይዘሮ ኤቢሴ ገንዳ ነው ያሳፈረው። ወይዘሮ ኤቢሴ ሃያ ዓመት በጅቡቲ መንገድ ከራሳቸው የጭነት መኪኖች ጋር የተመላለሱ ሴት ናቸው፤ ጉልበታቸው እዚያው መንገድ ላይ ቀርቷል። ሐኪም በየቀኑ ይዋኙ ስላላቸው ከጓሮ ገንዳ አስቆፈሩ። ያ ገንዳ በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አረንጓዴ ሆነ። ይትባረክ ያጠራዋል፤ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ከሦስተኛው ደረጃ ሥር እንደገና ይበቅላል።

ሐሙስ ዕለት ስልክ ደውለው አስጠሩት።

"ና እየው" አሉት፣ በምርኩዛቸው ወደ ደረጃው እየጠቆሙ። "ዛሬ ጠዋት እግሬን ሳሳርፍ አሟለጨኝ። የብረቱን ዘንግ ባልይዝ ኖሮ ይሄ ጉልበት አብቅቶለት ነበር። ሦስተኛ ጊዜህ ነው! ማል ጎታ? ምንድን ነው የምትሠራው?"

ይትባረክ አጎንብሶ አየ። ከደረጃው ሥር አረንጓዴው እንደ ጢም ተንጠልጥሎ በውሃው ውስጥ ይወዛወዛል። ከማቅለሽለሹ በላይ ደግሞ ስሙ በዚህ ለሃጭ መበላቱ አናደደው። አንድ ሰው ጥፋተኛ መሆን ነበረበት፤ እሱ ደግሞ ሊሆን አይችልም።

"እትዬ፣ እኔ የምችለውን ሁሉ አድርጌያለሁ" አለ። "ይሄ የሰው እድፍ ነው። እዚህ ውስጥ የሚታጠብ ሰው አለ።"

"ማን ይታጠባል?"

"አባባ ሰዓድ። ጠዋት ስመጣ የእግራቸው ዱካ እርጥብ ሆኖ ጠርዙ ላይ አገኘዋለሁ። ለሶላት እግራቸውን የሚታጠቡት እዚህ ነው።"

"በዓይንህ አይተሃል?"

አላየም። "አይቻለሁ" አለ።

አባባ ሰዓድ የቤቱ ዘበኛ ናቸው። ከወሎ ከመጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሰባውን ተሻግረዋል፤ ከበሩ አጠገብ ካለችው ክፍል ሌላ የሚያድሩበት የላቸውም። ወይዘሮ ኤቢሴ ይህን ያውቃሉ። ቢሆንም "ቅዳሜ እሸኛቸዋለሁ" አሉ።

ይትባረክ የዚያን ዕለት የክሎሪኑን መጠን ከፍ አድርጎ ሄደ። ማታ ራቱን በላ፣ ተኛ። ይህን የምነግራችሁ ጨካኝ ስለነበር አይደለም፤ የተናገረውን እውነት ነው ብሎ ራሱን ስላሳመነ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ገንዳውን ሊፈትግ መጣ። በሩን የከፈቱለት አባባ ሰዓድ ናቸው፤ እንደ ልማዳቸው ዕቃውን ሊያግዙት ከባጃጁ ወንበር ኋላ የላስቲክ ከረጢቱን አነሱ፣ ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ።

"ያ አሏህ! ልጄ፣ ውስጧ ምን ሞቷል?"

"ብሩሽ ነው፣ አባባ። የሥራ ዕቃ ነው፤ ይሸታል" አለና ከእጃቸው ተቀበላቸው። ከዚያ ልቡን ለማሳረፍ ያህል ጠየቃቸው። "አባባ፣ ጠዋት ጠዋት እግርዎን እዚህ ገንዳ ውስጥ ነው የሚታጠቡት?"

ሽማግሌው መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ዘገነናቸው።

"እዚያ ውስጥ? እፍ! ሰው ሙሉ ገላውን ዘፍዝፎ፣ ብብቱን አሽቶ፣ ተፍቶም እንደሆነ ማን ያውቃል፣ በወጣበት ውሃ ለሶላት የምቆምበትን እግር? ወላሂ፣ ሳየውም ይቀፈኛል። እኔ ማንቆርቆሪያዬ አለችልኝ።"

"ጠርዙ ላይ ያለው ዱካስ?"

"ሌሊት የወደቀውን ነገር በዱላዬ አወጣለሁ፤ ውሃው ይረጨኛል። ባለፈው እንቁራሪት ነበር፣ ትናንት ዋኖስ። እትዬ እንዲህ ያለ ነገር ካዩ አይገቡም፤ ጉልበታቸው ደግሞ አይችልም።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልንገርህ እያልኩ ስፈራ ነው የከረምኩት። አንተ ለለቅሶ አቦምሳ ሄደህ ሁለት ሳምንት ስትቀመጥ ያዘዝከኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ክሎሪኑን ሲመሽ ጨምሬያለሁ፤ ፓምፑን አብርቻለሁ፤ ግድግዳውን በቤቱ መጥረጊያ ፈትጌያለሁ። ውሃው እንደ ምንጭ ጠርቶ ነው የሰነበተው። ማክሰኞ አንተ መጣህ፣ ሐሙስ አረንጓዴ ሆነ።"

"አጋጣሚ ነው" አለ ይትባረክ፣ ተቆጥቶ።

"ይሆናል" አሉ ሽማግሌው፣ ወደ በራቸውም ተመለሱ።

ይትባረክ ከረጢቱን ይዞ ገንዳው ዳር ቆመ። ማክሰኞ። ማክሰኞ ማክሰኞ ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት የሚጀምረው ከባቡር ጣቢያው ወዲያ ባለ፣ ባለቤቱ ፓምፑን አጥፍቶ፣ ግድግዳው ብቻ እንዲፈተግ ከፍሎ፣ ዘግቶት በሄደ ፔንሲዮን ነው። የዚያ ገንዳ ውሃ እንደ ጎመን ወጥ ወፍሯል፤ እንቁራሪት ይራባበታል። ያን ግድግዳ የሚፈትገው በዚሁ ብሩሽ ነው። ፈትጎ ሲጨርስ ብሩሹን አያጥብም፤ ለማጠብ መንካት አለበት፣ መንካት ደግሞ አይሆንለትም። በእጀታው ጫፍ ይዞ፣ ፊቱን አዙሮ ከረጢቱ ውስጥ ይጥለዋል፤ አፉን ግጥም አድርጎ ያስረዋል፤ እንዳያየውም ከወንበሩ ኋላ ይወሽቀዋል። ስድስት ዓመት እንዲህ አድርጓል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህቺው ናት።

ቋጠሮውን ፈታ። ጠረኑ ከረጢቱ ውስጥ ታፍኖ እንደከረመ ሰው ዘሎ ወጣ፤ የኩሬ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የከረመ እርጥብ ጨርቅ ክርፋት። ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ሰደደ። የብሩሹ ጸጉር ጸጉር አልመሰለም። ጣቶቹ በሞቀ፣ በሚዝለገለግ ነገር ውስጥ እስከ አንጓቸው ሰመጡ፤ ሲስበው ተመዘዘ፣ ክር ሠራ። አረንጓዴ ነበር፤ ሥሩ ላይ ጠቁሯል፤ የሰው ጸጉርና የበራሪ ክንፍ ተጣብቆበታል። ይህንን ነበር በየሳምንቱ አምጥቶ ሦስተኛው ደረጃ ሥር ሲቀባ የኖረው። አጥሩ ሥር ሄዶ አስመለሰ።

አፉን በእጅጌው ሲጠርግ አንድ ቀላል ሐሳብ መጣለት። ብሩሹን ይጣል፣ አዲስ ይግዛ፣ ዝም ይበል። ሽማግሌው ዛሬ ይወጣሉ፤ ገንዳው ከዛሬ ጀምሮ ይጠራል፤ ሰው ሁሉ "ልክ ነበረ" ይላል። ስሙም ንጹሕ እንደሆነ ይቀጥላል። ሐሳቡን እንደ ጉርሻ አላመጠው። ያ የኩሬ ጣዕም ምላሱ ላይ መጣ።

ወይዘሮ ኤቢሴ በረንዳ ላይ ለባብሰው ተቀምጠዋል። ሲያዩት "መጣህ? በል አባባን ጥራልኝ፤ ቶሎ ልገላገለው" አሉት።

ብሩሹን በባዶ እጁ እንደያዘ ቀረባቸው። ለሃጩ በክርኑ በኩል ይወርዳል።

"ውይ! ውይ! ወዲያ በልልኝ! ምንድን ነው እሱ?"

"ብሩሼ ነው፣ እትዬ። ገንዳዎትን አረንጓዴ ያደረገው ይሄ ነው። ከሌላ ሰው ገንዳ እያመጣሁ እኔ ነኝ የዘራሁት። አባባ እግራቸውን ነክረው አያውቁም፤ እኔም አላየሁም።"

ሴትዮዋ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው አዩት፤ ብሩሹን ይሁን እሱን ለመለየት ያስቸግር ነበር።

"ሽማግሌውን ሜዳ ላይ ላወጣቸው ነበር እኮ።"

"አዎ።"

"ሂድ አቃጥለው" አሉ በመጨረሻ። "ማክሰኞ አዲስ ይዘህ ና። እዚሁ ይቀመጣል፣ ከተሠራበት በኋላ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ከሌላ ቤት አንዲት ነገር በዚህ በር አታስገባም። ለአባባም አንተው ንገራቸው፤ እኔ አፍ የለኝም።"

ብሩሹን ሊያቃጥለው ከረጢቱ ውስጥ ጥሎ ወደ በሩ ሲመለስ የግቢው ቧንቧ ደርቋል፤ የሰፈሩ የውሃ ፈረቃ አልደረሰም። አባባ ሰዓድ እጁን አይተው "አንተ! ምን ነካህ!" አሉና ሳሙናቸውንና ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ወጡ። ሳሙናውን ሰጡት፤ ጎንበስ ብለው ያስታጥቡት ጀመር። ውሃው ቀጭን ሆኖ እጁ ላይ ወረደ። ይትባረክ አሸ፣ ደግሞ አሸ። አረፋው አረንጓዴ ሆነ።

"አባባ" አለ ቀና ሳይል። "ለሶላት እግርዎን ገንዳው ውስጥ ይታጠባሉ ብዬ ለእትዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አይቻለሁ ብያለሁ። ዛሬ ሊያሰናብቱዎት ነበር። አሁን ግን እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ።"

ውሃው ተቋረጠ። ሽማግሌው ማንቆርቆሪያዋን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

"የቀረችው ውሃ ለዙህር ሶላት ናት" አሉና ወደ ክፍላቸው ገብተው በሩን መለስ አደረጉት።

ይትባረክ አረፋው እጁ ላይ እንዳለ ቆሞ ቀረ። ሳሙናው እየደረቀ ቆዳውን ይወጥረው ጀመር፤ ከሥሩ ለሃጩ አሁንም ይሟልጫል። ከኋላው ገንዳው ሙሉ ውሃ ነበር። እጁን እዚያ መንከር አልቻለም። ክንዶቹን ከገላው አርቆ እንደያዘ የግቢውን በር በክርኑ ገፍቶ ወጣ።