ያልተቀባ ወታደር አይሰለፍም

ትናንት ልጄ ሳሎን ተቀምጣ ጥፍሯን ስትቀባ ሽታው እስከ ጓዳ ድረስ ገባ። ሌላውን ሰው ይህ ሽታ ምን እንደሚያስታውሰው አላውቅም፤ እኔን የሚያስታውሰኝ ጦርነት ነው። እንዳትስቅብኝ። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሠፈር፣ የመንግሥት ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ባሮጌ የበር ሳንቃ ላይ የተሰለፈ ሠራዊት ይታየኛል። ካባው ቀይ የጥፍር ቀለም፣ ጋሻው ወርቃማ የጥፍር ቀለም ነው።

ነገሩ የተጀመረው ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ነው። እኔና ጓደኛዬ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን አንድ ቪዲዮ አየን። ጢማቸው የሸበተ ፈረንጆች ጠረጴዛ ከበው፣ ጣት የማያካክሉ የአሻንጉሊት ወታደሮችን በማስመሪያ እየለኩ ወደፊት ይገፋሉ፣ እንደ ሉዶ ባለ ነጥብ ጠጠር ይጥላሉ፣ ይከራከራሉ። "እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም እንዴ?" አልኩ። ጓደኛዬ ግን ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። በማግስቱ ከኩልፎ ወንዝ ዳር ጭቃ በፌስታል ተሸክሞ ቤታችን መጣ።

እጁ ጉድ ነበር። ጭቃውን እንዲያው ጠቅ ጠቅ ሲያደርገው ትከሻው ያዘነበለ፣ መንገድ ያደከመው ወታደር ይወጣል። ጦሩ ስቴኪኒ፣ ጋሻው ቆርኪ ነው። የእኔ ድርሻ መቀባት ነበር። ታላቅ እህቴ ፀጉር ቤት ትሠራ ስለነበር፣ ሊያልቅ የደረሰ የጥፍር ቀለም ሁሉ መጨረሻው እኛ ጋ ነው። ከቪዲዮው የወሰድናት አንዲት ሕግ ነበረችን፤ ያልተቀባ ወታደር አይሰለፍም። ሕጓን የማጠብቀው እኔ ነኝ፤ አባቴ የቢሮ ሰው ስለሆነ ወደ እሱ ወጥቼ ይሆናል።

ችግሩ ጓደኛዬ ጀማሪ እንጂ ጨራሽ አለመሆኑ ነው። ፈረሰኞቹ ሳይደርቁ ቀስተኞች ይጀምራል። ቀስተኞቹ ሳይቀቡ፣ "ጀልባ ብንሠራስ? ጫሞ ሐይቅን የሚሻገር ጦር!" ይላል። እኔ የአንዱን ፊት ስቀባ እሱ ሌላ ጓድ ያቆማል። ውዝፉ በጫማ ካርቶን እየታጨቀ አልጋዬ ሥር ገባ። እናቴ ስትጠርግ መጥረጊያዋ ሲጋጭባት፣ "ይሄ ጭቃ መቼ ነው የሚያልቀው?" ትላለች። አንድ ቀን ጦጣ በረንዳው ላይ ወርዶ አዛዡን ነጠቀና ዛፍ ላይ ወጣ፤ ነክሶ ቀመሰውና ተናዶ ወረወረው። ጓደኛዬ በሳቅ እየተንከተከተ፣ "ይሄንንም እንደገና ትቀባዋለህ" አለኝ።

በዚያው ክረምት የአባቴ ዝውውር መጣ። አባቴ የሰሜን ሰው ነው፤ ለዞኑ ሥራ መጥቶ እኔን አርባ ምንጭ ወለደኝ። ዝውውሩ ለእሱ ወደ አገሩ መመለስ ነበር፤ ለእኔ ግን ካገሬ መውጣት። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት እንነሳለን ተባለ። እኔና ጓደኛዬ ስለ መለያየቱ ትንፍሽ አላልንም። ያወራነው ስለ አንድ ትልቅ ጦርነት ነው፤ የሠራነው ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ተቀብቶ የሚሰለፍበት። ለዚያ ውዝፉ ማለቅ ነበረበት።

ቀለም ቅቡን ለሁለት ያዝነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ አጠገባችን የላንቴ ሙዝ አለ፣ ከታች ዓባያ ሐይቅ ቀላ ብሎ ይታያል። እኔ ቸኩያለሁ። እሱ ግን ከቀን ወደ ቀን እየቀዘቀዘ ሄደ። አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ያልተቀቡትን ሁሉ፣ ጭቃ እንደሆኑ፣ ሳንቃው ላይ ደርድሮ ጠበቀኝ።

"አንሳቸው፤ ሕግ አለ" አልኩት።

"ትሄድ የለ እንዴ? ለማን ብዬ ነው የምቀባው?"

"አንተ ደግሞ ምን ጨርሰህ ታውቃለህ!"

ብድግ ብሎ ወጣ። ከዚያ እሱም አልመጣ፣ እኔም አልሄድኩ። ቤት ውስጥ ዕቃ እየታሰረ ነው። ሳንነጋገር መኪናው ሊመጣ ነው ብዬ በር በሩን እያየሁ እውል ነበር፤ ግን ኩርፊያ እንዴት እንደሚፈታ አላወቅኩበትም።

ያን ሰሞን የጓደኛዬ አያት ለዓይናቸው ሕክምና ከጋሞ ደጋ ወርደው እነሱ ቤት ነበሩ። ልጁ ቤት ተጎልቶ ሲውል አይተው ነገሩን አወጣጡት መሰለኝ። አንድ ጠዋት የልጅ ልጃቸውን በክንዱ ይዘው በራችንን አልፈው ገቡ። ካጥራችን ሥር እርጥብ ሳር ነጭተው፣ ሳንቃው ላይ፣ ከሁለቱ ጦር መካከል አጋደሙት። ከዚያ ጉልበታቸውን ደግፈው፣ ቀስ ብለው፣ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩ።

ለሁለት ጎረምሳ! ጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ሲንበረከክ ጦር የመዘዘ እንኳ ይቆማል። ሳሩን አልፎ መሄድ ጎሜ ነው፣ እርም፤ መዘዙ ከራስ አልፎ ለዘር ይተርፋል። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ስታያቸው ደነገጠች።

"ኧረ በማርያም፣ አባባ፣ ይነሱ! ለነዚህ ነው?"

"ልጆች ተጣልቷል። አልነሳም" አሉ በደጋ አማርኛቸው።

ጓደኛዬን አየሁት፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ማን ቀድሞ እንደተንቀሳቀሰ አላስታውስም፤ ብቻ ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ይዘን አነሳናቸው። እናቴ ምሳ ባንድ ሳህን አቀረበችልን። ስንበላ ቀና ብለን አልተያየንም፤ ግን ሳህኑን ጠራርገን ጨረስነው። አያትየው የታመመ ዓይናቸውን ወደ ሳንቃው አስጠግተው ወታደሮቹን ቃኙና፣ "ይቺ ጦርነት ሽማግሌ የላትም እንዴ?" አሉ።

አልነበራትም። የፈረንጆቹም አልነበራትም። ጓደኛዬ እዚያው ጭቃ አራሰና የተንበረከኩ ሽማግሌዎች መሥራት ጀመረ። "ሌላ ውዝፍ!" ብዬ ጮህኩ፤ ሁለታችንም ሳቅን። ሽማግሌ የወጣበት ሜዳ ላይ ጠጠር አይጣልም የሚል ሕግ ጨመርን። ውዝፉ ሳያልቅ፣ በተቀቡት ብቻ ትልቁን ጦርነት ስንጀምርም ሁለታችንም በመጀመሪያው ተራችን ሽማግሌ አወጣን፤ በቃ፣ አለቀ። የቀሩንን ቀናት ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንቀባ ዋልን።

የጭነት መኪናው ሲመጣ ሠራዊቱን ተካፈልን። የተቀቡትን ለራሱ አስቀርቶ ያልተቀቡትን ለእኔ አሸከመኝ። ይሄማ ፍርደ ገምድል ነው ልለው ስል፣ "ቀብተህ ታመጣቸዋለህ" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ያው ኑሮ ነው። ዩኒቨርሲቲ፣ ሥራ፣ ትዳር። እሱን አንዳንዴ በስልክ፣ ብዙውን ጊዜ በበዓል መልእክት ብቻ ነበር የማገኘው። ካርቶኑ ግን ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት አብሮኝ ዞሯል። ቅዳሜ ሲመቸኝ አንዱን አወጣለሁ፣ ስንጥቁን እደፍናለሁ፣ አሁን በደህና ቀለም በቀጭን ብሩሽ እቀባለሁ። ዘንድሮ አለቁ። ባለፈው ወር ይዣቸው አርባ ምንጭ ሄድኩ።

አያትየው ካረፉ ቆይተዋል። ጓደኛዬ ካምባ ወረዳ ግብርና ቢሮ ነው የሚሠራው፤ ለእኔ ብሎ ወርዶ አባቱ ቤት ጠበቀኝ። ሆዱ ገፋ ብሏል፤ እኔም ፀጉሬ ሸሽቷል። ወታደሮቹን አንድ ባንድ እያነሳ ወደ መስኮቱ አዙሮ አያቸው። ከዚያ ተነሥቶ ከቁም ሳጥኑ ላይ ካርቶኖች አወረደ። ፈረሰኛ፣ ቀስተኛ፣ የተንበረከከ ሽማግሌ፤ አንዳቸውም አልተቀቡም። የጭቃቸው ቀለም የተለያየ ነው፤ በተመደበበት ወረዳ ሁሉ ሲሠራ ኖሯል።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልቀባሃቸውም?"

"መቀባት ያንተ ሥራ አይደል? ትመጣለህ ብዬ ነዋ።"

ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ካርቶኖቹን ጭኔ ላይ ይዤ ምዕራብ ዓባያ ወረዳን እስክናልፍ ድረስ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ከለቅሶ የምመለስ መሰላቸው፤ "አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ያጥናህ" ብለው ማስቲካ ሰጡኝ። ደስ ብሎኝ ነው ብላቸው አያምኑኝም ብዬ፣ አሜን አልኩ።